ከጀርባ ያለው ሥዕል

አንድ የአኒሜ ገጸ ባሕርይ ይሮጣል። ሥዕሉ ሁለት ሰከንድ ብቻ ነው፤ ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ከኋላው ግን ባዶ ነው። ምን እናድርግለት? ጠፈር? የቶኪዮ መንገድ? ወይስ ሚኒባስ ታክሲ፣ የቆርቆሮ አጥርና ጭቃ? ለምትወደው ገጸ ባሕርይ ኤዲት የምትሠራ ልጅ ይህንን በስልኳ በአንድ ደቂቃ ትወስናለች። ጥያቄው ግን ከስልኩ በጣም ይበልጣል በዕድሜ።

ከጎንደር እንጀምር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ከቅዱሳኑ ጀርባ በአብዛኛው ተራራም ቤትም አልሳሉም፤ ደማቅ ቀይና ቢጫ ብቻ ቀቡ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ቀለሙ ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ የሚቀየር ሆነ። ዛሬ አፑ ላይ «ግራዲየንት» የምንለው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ባክግራውንድ ሰውየውን ከሰፈርና ከሰዓት ያወጣዋል፤ የትም ስላልሆነ ሁሉም ቦታ አለ።

ቀጥሎ ፎቶ ቤት መጣ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ ገብቶ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ። በኋላ ፎቶ ቤት ለተራውም ሰው ሲደርስ ከወንበሩ ጀርባ የተሳለ መጋረጃ ተሰቀለ፦ ፏፏቴ፣ የአበባ ሜዳ፣ ያማረ ደረጃ። ከተማ ገብቶ ሥራ የያዘ ልጅ ለእናቱ የሚልከው ፎቶ እንደዚያ ነበር። እናትየዋ ፏፏቴው ጨርቅ መሆኑ አይጠፋትም። ቁም ነገሩ ፏፏቴው አልነበረም፤ «ደህና ነኝ» ማለቱ ነው።

የሚንቀሳቀስ ሥዕል ላይ ግን ባክግራውንድ የጉልበት ጉዳይ ነበር። በ1914 እ.ኤ.አ. «ጌርቲ» የተባለችው ዳይኖሰር ስትሠራ፣ እሷ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ከኋላዋ ያሉት ድንጋዮች በሺህ በሚቆጠሩ ወረቀቶች ላይ እንደገና ይሳሉ ነበር። በዚያው ዓመት ኧርል ኸርድ የተባለ አሜሪካዊ ገላጋይ ዘዴ ይዞ መጣ፦ ገጸ ባሕርዩን ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ ላይ ሳለው፣ ባክግራውንዱን አንዴ ብቻ ሥራና ከሥር አስቀምጠው። ዛሬ «ሌየር» የምትሉት ከዚህ የመጣ ነው።

በ1982 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጂም ካፖስታስ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ሁለት የቪዲዮ ማጫወቻ አገናኝቶ የአኒሜ ትዕይንቶችን ከቢትልስ ዘፈን ጋር አጣበቀ። የዛሬው ኤዲት አያት እሱ ነው ይባላል። ጂፍ በ1987 ተፈጠረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አንዱን ቀለም «የማይታይ» ማድረግ ተቻለ። ግን ነጥቡ ወይ ይታያል ወይ አይታይም፤ መሃል የለም። ጂፍ ቆርጣችሁ ሌላ ባክግራውንድ ላይ ስታስቀምጡ ፀጉሩ ዙሪያ የሚቀረው ነጭ ጠርዝ የዚህ ውጤት ነው። አረንጓዴ መጋረጃም የራሱ ጣጣ አለው፤ የባንዲራ ሻርፕ ያደረገ ሰው ፊቱ ቢቆም አረንጓዴው መስመር ይጠፋና ቢጫና ቀዩ ብቻ ይቀራል።

አሁን ወደ ቆሼ እንምጣ። ስሙን ከቆሻሻው ያገኘው ይህ የኮልፌ ቀራንዮ ሰፈር ከ50 ዓመት በላይ የከተማዋን ቆሻሻ ተሸክሟል። ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ቤቶች ከነዕቃቸው ተቀበሩ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ እዚያው ተመረቀ። የዓለም ጋዜጦች ስለ ቆሼ ያሳተሟቸው ፎቶዎች ግን በብዛት አንድ ዓይነት ናቸው፦ ከጀርባ የቆሻሻ ተራራ፣ ከፊት ስሙ የማይጠቀስ ሰው። ባክግራውንዱ ሰውየውን ዋጠው።

እና የቆሼ ልጅ ከገጸ ባሕርይዋ ጀርባ ጠፈር ብታደርግ ሰፈሯን አፈረችበት ማለት ነው? አይደለም። የፎቶ ቤቱ ልጅም በፏፏቴው አልዋሸም። ሌሎች የመረጡላትን ባክግራውንድ አለመቀበል መብቷ ነው።

ግን ሌላም ነገር አለ። ቤት በአንድ ምሽት ሲጠፋ፣ ቤቱን የሚያስታውሰው ብዙ ጊዜ ማንም ልብ ያላለው የፎቶ ጀርባ ነው፦ የልደት ኬክ ስትቆርስ ከኋላ የታየው በር፣ ቡፌው፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጋዜጣ። ሁላችንም ሰፈራችንን ቆርጠን ከጣልነው፣ የሚቀረው ሥዕል እንግዳ መጥቶ ያነሳው ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ጠፈሩንም አድርጉ፣ ግን ኦሪጅናሉን አትሰርዙ። አንድ ቀን ደግሞ ስልኩን ግንብ ላይ አስደግፋችሁ የመንገዳችሁን አምስት ሰከንድ ቅረጹ። ገጸ ባሕርዩን ከላይ አስቀምጡት፤ ብርሃኑ ከየት በኩል እንደሚመጣ አይታችሁ ጥላውን በዚያው አቅጣጫ አድርጉ። ያኔ ያ የአኒሜ ጀግና በቆሼ መንገድ ይሮጣል፤ ሱቁም፣ ሱቁ በር ላይ የቆሙት ሰዎችም ከኋላው ይታያሉ።