የመረጃ ጥሰት፦ «ሲስተም የለም» የማይሸፍነው ቃል

ዱከም ላይ በደመወዝ ሰሞን ባንክ ቤት የገባ ሰው «ሲስተም የለም» የምትለዋን ሐረግ ሳይሰማ የሚወጣበት ቀን ጥቂት ነው። ከኢንዱስትሪ ዞኑ የወጣው ሠራተኛ ኤቲኤሙ በር ላይ ይሰለፋል፣ ሲስተሙ ይመጣል፣ ብሩ ዘግይቶም ቢሆን እጁ ይገባል። በዚህ የሚከፋ እንጂ የሚደነግጥ የለም። የሚያስደነግጠው ሌላው ነው። አንድ የማይታወቅ ቁጥር ደውሎ ሙሉ ስምዎን ከነአያትዎ ይጠራና «ከባንክ ነው፤ የላክንልዎትን ኮድ ይንገሩን» ይላል። ቅርንጫፍ ሄደው «ስሜንና ስልኬን ማን ሰጣቸው?» ሲሉ፣ መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ «ኮዱን ለማንም እንዳይነግሩ» ትልዎታለች። ምክሯ ልክ ነው፤ እርስዎ የጠየቁት ግን ስለ ኮዱ አልነበረም።

ያ ጥያቄ የሚፈልገው ስም ፈረንጆቹ «ዳታ ብሪች» የሚሉት ነው። በአማርኛ «የመረጃ ጥሰት» እንበለው ባይ ነኝ። አንድ ተቋም በአደራ የያዘው የሰዎች መረጃ ፈቃድ በሌለው ሰው ሲታይ፣ ሲወሰድ፣ ሲለወጥ ወይም ሲጠፋ የመረጃ ጥሰት ተፈጸመ ይባላል። ጣሹ የግድ ከሩቅ አገር የመጣ ሰርሳሪ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በካናዳ ዴዣርዳን በተባለው የቁጠባና ብድር ተቋም የሚሊዮኖችን መረጃ ያወጣው የራሱ ሠራተኛ ነበር።

ሌሎች ቃላት አልጠፉም። «ማፈትለክ» በጋዜጣ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን መረጃው በገዛ እግሩ የሄደ ያስመስለዋል። «መፍሰስ» ያው ነው፣ አፍሳሹ አይታይም። «ዝርፊያ» ደግሞ ባለቤቱን ባዶ እጁን ያስቀረዋል፤ መረጃ ግን ተቀድቶ ሲሄድ ዋናው ከነበረበት አይነቃነቅም። ብዙ ባንኮች ወራት ቆይተው የሚነቁትም ለዚህ ነው። «ጣሰ» ግን ሁለት ቤት አለው። ሕግ ይጣሳል፤ አጥርም ይጣሳል። ከዱከም ፋብሪካዎች ማዶ ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ከብት አጥር ጥሶ ማሳው ሲገባ የከብቱን ባለቤት ብቻ አይጠይቅም። አጥሩን ማን ነበር የሚጠብቀው? መቼስ አየ? አይቶስ ለምን አልጮኸም?

የደንበኞች ብሶት የሚነሳው ከዚህ ከመጨረሻው ጥያቄ ነው። ኢኩፋክስ የተባለው የአሜሪካ የብድር ታሪክ መዝጋቢ እ.ኤ.አ. በ2017 ጥሰቱን ያወቀው ሐምሌ ማብቂያ ላይ ሲሆን፣ ለሕዝብ የተናገረው ከአርባ ቀን በኋላ ነበር። 147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተነክተዋል። ይባስ ብሎ ለተጎጂዎች ብሎ የከፈተው ድረ ገጽ የአጭበርባሪ ይመስል ነበር፤ የራሱ የትዊተር ገጽም ሰዎችን በስህተት ወደ አንድ ተመሳሳይ የውሸት አድራሻ መርቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ ካፒታል ዋን ባንክ ተጣሰ። ባንኩ ባወቀ በአሥር ቀን ቢናገርም፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ ከሆኑት ተጎጂዎች መካከል ካርድ ለማውጣት ፎርም ሞልተው ብቻ የቀሩ ነበሩበት። ደንበኛ ያልሆነ ሰው መረጃ እዚያ ምን ይሠራ ነበር? ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት 80 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነው ሁሉም አፍ ላይ አለ። ሲስተሙ ታውኮ ሰዎች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ አወጡ፤ ባንኩ መጠኑ 801 ሚሊዮን ብር ያህል እንደሆነ፣ ነገሩም የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ ገለጸ። በእኛ ትርጉም ያ የመረጃ ጥሰት አይደለም፤ የወጣው ብር እንጂ የሰው መረጃ አልነበረም። ቀጥሎ ግን ባንኩ ገንዘቡን ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ለሕዝብ ለጠፈ። የወሰደ ይመልስ፣ በዚህ ክርክር የለኝም። ጥሰት ብዬም አልጠራውም፤ በሩን የከፈተው ጠባቂው ራሱ ነውና። ለዚህኛው ገና ቃል አላገኘሁለትም።

ከዚያች ሌሊት በኋላ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የተወካዮች ምክር ቤት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አጸደቀ። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ መረጃ የያዘ ተቋም ጥሰት መኖሩን ካወቀ በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅ ያዛል። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ካወቀበት ቅጽበት ነው። ስለዚህ ዱከም ቅርንጫፍ ቆመው «ስሜን ማን ሰጣቸው?» ብለው መልስ ያጡት ደንበኛ፣ በሚቀጥለው ጊዜ «ጥሰት ነበረ ወይ? መቼስ አወቃችሁ?» ብለው በጽሑፍ ቢያስገቡ፣ «ሲስተም የለም» ለዚያ መልስ አይሆንም።