ለጤንነት የሚሮጡ ሰዎች የቅልጥም ሕመም፦ በእረፍት የሚድነውና ምርመራ የሚሻው

ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደውና አብዛኛውን ጊዜ በኅዳር ወር የሚውለው የ10 ኪሎ ሜትሩ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ፣ ስፖርትን ሙያቸው ያላደረጉ በርካታ ዜጎችን ወደ ጎዳና አውጥቷል። ሩጫ ለልብ ጤንነት እንዲሁም የደም ግፊትንና የስኳር ሕመምን ለመከላከል ያለው ጥቅም የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ዓመቱን ሙሉ ሳይሮጥ ቆይቶ ውድድሩ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በየማለዳው አስፋልት ላይ መሮጥ የሚጀምር ሰው፣ ብዙም ሳይቆይ ቅልጥሙን ሲያመው ይስተዋላል። አብዛኛው እንዲህ ያለ ሕመም ሩጫን በመቀነስ የሚድን ነው። ጥቂቱ ግን አጥንቱ መሰንጠቅ መጀመሩን የሚያመለክት ሲሆን፣ ችላ ተብሎ ከተሮጠበት ወደ ሙሉ ስብራት ሊያድግ ይችላል። ይህ መረጃ ሁለቱን ለመለየትና ተገቢውን አገልግሎት ለማግኘት ይረዳ ዘንድ ተዘጋጅቷል።

የሕመሙ መነሻ

አጥንት ሕይወት ያለው አካል ነው። የሚያርፍበትን ጫና እየተቀበለ የተጎዳውን ክፍሉን ያፈርሳል፣ በምትኩም አዲስ ይገነባል፤ ማፍረሱ ፈጣን፣ መገንባቱ ግን አዝጋሚ ነው። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሩጫን ሲለምዱ አጥንት ወራት ይፈልጋል። በመሆኑም ሯጩ ትንፋሹ ስለተስተካከለለት ብቻ ርቀቱን ሲጨምር ቅልጥሙ ገና አልተዘጋጀም። የባት ጡንቻዎች ጉተታ ሲታከልበት ደግሞ የቅልጥሙ ውስጠኛ ጠርዝና አጥንቱን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ይቆጣሉ።

ሶሉ ያለቀ ጫማ፣ ቁልቁለት መሮጥ እና የቀድሞ ጉዳት ችግሩን ያባብሳሉ። ልባሽ የሩጫ ጫማ የሚገዙ ሰዎች የላይኛውን ጨርቅ ንጽሕና ብቻ ማየት የለባቸውም፤ ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ሲመለከቱት ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ወይም ሶሉ በጣት ሲጫኑት ደርቆ ከተገኘ አገልግሎቱን ጨርሷል።

በጣት መለየት

ተቀምጠው የቅልጥምዎን ውስጠኛ ጠርዝ ከጉልበት በታች ጀምረው እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ በጣትዎ ቀስ እያሉ ይጫኑ። ሕመሙ ከ5 ሴንቲ ሜትር በሚበልጥ ርዝመት ላይ ተዘርግቶ ከተሰማ፣ ሩጫ ሲጀምሩ ብሶ ሰውነት ሲሞቅ የሚቀንስ ከሆነ፣ ሲያርፉም የሚተው ከሆነ የተለመደው የሯጮች የቅልጥም ሕመም የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

በአንጻሩ ሕመሙ በአንድ ጣት ሊጠቆም የሚችል አንድ ነጥብ ላይ ከተወሰነ፣ ሩጫው በቀጠለ ቁጥር ከጨመረ፣ በእርምጃ ጊዜ ወይም ሌሊት ተኝተው ሳለ ከተሰማ፣ በነጥቡ ላይ እብጠት ካለ ወይም በዚያ እግር ብቻ መዝለል ካቃተ የአጥንት መሰንጠቅ ሊሆን ስለሚችል ሩጫውን በዚያው ዕለት ማቆም ይገባል። ሕመሙ በቅልጥሙ የፊት ጠርዝ መካከል ላይ ከሆነ ጥንቃቄው ከፍ ያለ መሆን አለበት፤ በዚህ ቦታ የሚደርስ ስንጥቅ ለመዳን ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

የወር አበባቸው የተዛባ ወይም የቀረ ሴት ሯጮች፣ እንዲሁም ምግብ ቀንሰው ሩጫ የሚያበዙ ሰዎች ለአጥንት መሰንጠቅ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ጾም በራሱ ችግር አይደለም። ነገር ግን በጾም ወራት ሩጫውን ሳይቀንስ የምግቡን መጠን ብቻ የቀነሰ ሰው አጥንቱ የሚገነባበትን ግብዓት ያጣል።

በቤት የሚደረግ እንክብካቤ

ለተለመደው የቅልጥም ሕመም ዋናው ሕክምና ሕመሙ እስኪተው ድረስ፣ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሳምንታት፣ ሩጫን ማቆም ወይም በእጅጉ መቀነስ ነው። በዚህ ጊዜ ሕመም እስካላስከተለ ድረስ ብስክሌት መንዳትና መዋኘት ይቻላል። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ ያህል ማድረግ ስሜቱን ያስታግሳል። እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ውጦ ለመሮጥ መውጣት ግን ፈጽሞ አይመከርም፤ መድኃኒቱ ማስጠንቀቂያውን እንጂ ጉዳቱን አያስወግድም፣ የጨጓራና የኩላሊት ሕመም ላለበት ሰውም አደገኛ ነው።

ለ30 ደቂቃ ፈጣን እርምጃ ያለ ሕመም መሄድ ሲቻል 1 ደቂቃ ሮጦ 2 ደቂቃ በመራመድ መጀመር፣ ከቀን ወደ ቀን ሳይሆን ከሳምንት ወደ ሳምንት መጨመር ይገባል። በተከታታይ ቀናት አለመሮጥ ይመረጣል። ርምጃን አሳጥሮ ቶሎ ቶሎ መርገጥ በቅልጥም ላይ የሚያርፈውን ጫና ይቀንሳል። እንደ ጃን ሜዳ ያለ ሣርማ ሜዳ ወይም የእንጦጦ የጫካ መንገድ ከአስፋልት የለሰለሰ ነው፤ የእንጦጦ ቁልቁለት ግን ገና ላገገመ ቅልጥም አይመችም። ግድግዳ ይዞ ተረከዝን ቀስ እያሉ ማንሳትና ማውረድ፣ መጀመሪያ በሁለት ኋላም በአንድ እግር፣ ባትን ያጠነክራል።

ስለ ወጌሻ

የአጥንት ሕመም ሲያጋጥም ወደ ወጌሻ መሄድ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ ተጠቅመናል የሚሉም ብዙዎች ናቸው። ሆኖም የተሰነጠቀ አጥንት መታሸት የለበትም። ከዚህ የሚከፋው ጠበቅ አድርጎ በቀርከሃ ማሰር ነው። ማሰሪያው የደም ዝውውርን በማገዱ ምክንያት እግራቸው እስከ መቆረጥ የደረሰ ሕሙማን፣ ሕፃናትን ጨምሮ፣ በአገራችን ሆስፒታሎች ታክመዋል። ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያውን ወዲያውኑ ፈትቶ ወደ ጤና ተቋም መሄድ የግድ ነው።

አስቸኳይ ሁኔታዎች

ባት ወይም ቅልጥም እንደ ድንጋይ ጠጥሮ በእረፍትም የማይቀንስ ብርቱ ሕመም ካለ፣ እግር ከደነዘዘ ወይም መርገጥ ካቃተ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። የአንድ እግር ባት ብቻ አብጦ ከሞቀ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል እንዲሁ አስቸኳይ ነው፤ የትንፋሽ ማጠር ከታከለበት ደግሞ ደቂቃም መባከን የለበትም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

አስቸኳይ ላልሆነው ሕመም መነሻው በአቅራቢያ የሚገኝ ጤና ጣቢያ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የታደሰ መታወቂያቸውን ይዘው መቅረብና፣ ወደ ሆስፒታል የሚላኩ ከሆነ የሪፈር ወረቀት መቀበል አለባቸው። ለባለሙያው ሕመሙ የጀመረበትን ጊዜ፣ በሳምንት የሚሮጡትን ርቀትና መቼ እንደጨመሩት፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ይንገሩ። የአጥንት ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት በራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ራጁ ደህና ነው ተብሎም ሕመሙ በአንድ ነጥብ ላይ ከቀጠለ ወደ ሩጫ አይመለሱ፤ ተመልሰው ቀርበው ድጋሚ ራጅ ወይም የኤምአርአይ ምርመራ እንደሚያስፈልግ ይጠይቁ።