ባክቴሪያዎች እንዴት ይጠራራሉ?

ለረጅም ዘመን ሊቃውንት እያንዳንዱ ባክቴሪያ ለብቻው የሚኖር ፍጡር ይመስላቸው ነበር። ይህን አስተያየት ካናወጡት ጥናቶች አንዱ ኒልሰን፣ ፕላትና ሄስቲንግስ እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጡት ነው። ብርሃን ሰጪ የባሕር ባክቴሪያዎች በአዲስ የምግብ ፈሳሽ ውስጥ ሲገቡ ይባዛሉ እንጂ ወዲያው አያበሩም። ሌሎች ባክቴሪያዎች አስቀድመው በኖሩበት ፈሳሽ ውስጥ ሲገቡ ግን ብርሃናቸው ቶሎ ታየ። ስለዚህ ራሳቸው የሚያመነጩት፣ ሲጠራቀም ብርሃኑን የሚቀሰቅስ ንጥረ ነገር አለ ተባለ። በ1981 ኤበርሃርድና ባልደረቦቹ የንጥረ ነገሩን ኬሚካዊ ቅንብር ለዩት። ዛሬ አንዳንድ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችም በተመሳሳይ መንገድ እንደሚጠራሩ ታውቋል።

ነገሩ የተጀመረው «ብርሃኑ ለምን ዘገየ?» ከሚል ጥያቄ ነው። እኛም መምህራን፣ የሙከራው ውጤት ከመጽሐፉ ሲለይ ተማሪውን «ተሳስተሃል» ከማለታችን በፊት ምክንያቱን አብረን እንፈልግ።