አውጫጭኝ ያልተጠራላቸው ፓትርያርክ

በጎጃም ሰው ሲጠፋ ወይም ገዳይ ሲሰወር አገር አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር። ሥርዓቱን የሰማሁት ተቀምጠውበት ከሚያውቁት ከአያቴ ነው። ጭቃ ሹሙ ያስለፍፋል፤ የቀረ መቀጫ አለበት። ሕዝቡ ሜዳ ላይ ከተሰበሰበ በኋላ እርሻው ቢያድር፣ ከብቱ ቢጠማ፣ ነገሩ ሳይወጣ ወደ ቤት መመለስ የለም። እያንዳንዱ ምሎ ያወቀውን ለተመረጡ ሽማግሌዎች ይናገራል። ቂም የሚፈራም «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ስሙን ይሸሽጋል። በደለኛው ካልታወቀ ካሳውን አገሩ አዋጥቶ ይከፍላል።

ሽማግሌዎቹ አስቀድመው የሚጠይቁት የሰውዬውን የመጨረሻ ሰሞን ነው ይሉ ነበር አያቴ። ከማን ተጣላ? ማን ዛተበት? መንገድ እንደሚሄድ ሰው ቤቱን አደላድሎ ነበር ወይ?

የደብረ ኤልያስ ልጅ ነኝና እነዚህን ጥያቄዎች ስለ አገሬ ሰው ስለ አቡነ ቴዎፍሎስ አነሳለሁ። በ1902 ዓ.ም. በቅኔ አገር በደብረ ኤልያስ ተወለዱ፤ የቀድሞ ስማቸው መልእክቱ ወልደ ማርያም ነው። ግንቦት 1963 ሁለተኛው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆኑ። የካቲት 1968 ደርግ ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው። ከዚያ ወዲያ ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ምእመናን አባታቸው የት እንደደረሱ በይፋ የነገራቸው የለም።

ከማን እንደተጣሉ ይታወቃል። የቤተ ክርስቲያን መሬት በ1967 አዋጅ ተወርሷል፤ መንግሥት ግን በቤተ ክርስቲያን ሹመት ላይ እጁን አላነሳም። እሳቸው የደርግን ፈቃድ ሳይጠይቁ ጳጳሳትን ሾሙ። ከተሾሙት አንዱ ኋላ አምስተኛው ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ጳውሎስ ናቸው፤ እሳቸውም ለዓመታት ታሰሩ።

ይህን ሹመት ብዙዎች እንደ እልህ ያዩታል። ለእኔ ግን ቤቱን የሚያደላድል ሰው ሥራ ነው። ያለ ጳጳስ ቄስም ዲያቆንም አይሾምም። ኢትዮጵያ ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ የምታስመጣው ከግብፅ ነበር። አቡነ ቴዎፍሎስ ራሳቸው በ1940 ካይሮ ላይ ከተሾሙት አምስት ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸውና የጳጳስ እጦት ምን እንደሆነ ያውቁታል። እረኛው ቢመታ መንጋው እንዳይበተን አስቀድመው ተተኪ አበጁ ብዬ አምናለሁ።

በ1968 ማብቂያ ሌላ ፓትርያርክ በመንበሩ ተቀመጠ። ቀዳሚው በሕይወት ሳሉ ሌላ አይሾምም ብላ የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ሹመቱን ሳትቀበል ቀረች። በ1971 አቡነ ቴዎፍሎስ በምስጢር ተገደሉ። አፅማቸው የተገኘው በ1984፣ አዲስ አበባ፣ በልዑል ራስ አስራተ ካሣ ግቢ ነው። የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ አፅምም እዚያው ተገኘ። አቡነ ቴዎፍሎስ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል በክብር ዐረፉ።

አፅሙ መገኘቱ ምርመራውን አይዘጋውም። ከመታሰራቸው በፊት በመጨረሻው ሰሞን ያገለገሏቸው ዲያቆናት ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው። ፓትርያርኩ ምን አሉ? ማንን ጠሩ? ምን አደራ ሰጡ? ይህን የሚያውቅ በሕይወት ሳለ በስሙ ይናገር፤ ደብረ ኤልያስም ቃሉን ተቀብላ በብራና ትጻፈው። የጠፋ ሰው የአገር ዕዳ ነው ያሉን አባቶቻችን ናቸው፤ ዕዳውም ገና አልተከፈለም።