ማካን ሲንግ፦ የኬንያ ሠራተኞችን ታሪክ በሰነድ ያቆዩት የማኅበር መሪ

ማካን ሲንግ (እአአ 1913–1973) በኬንያ የሠራተኛ ማኅበራትን ካደራጁ ቀዳሚ ሰዎች አንዱ፣ የዚያው እንቅስቃሴ ታሪክ ጸሐፊም ነበሩ። የትግሉ ተሳታፊ ታሪኩን ሲጽፍ ለወገኑ ያደላል ተብሎ መጠርጠሩ አይቀርም። የእርሳቸው ሥራ ዛሬም የሚፈለገው ግን ከትዝታ ይልቅ በሰነድ ላይ ስለቆመ ነው።

የተወለዱት በፑንጃብ፣ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ በሚገኘው በጉጅራንዋላ አካባቢ ነው። በ1927 አባታቸው ወደሚኖሩባት ናይሮቢ መጡ፤ በኋላም በአባታቸው ማተሚያ ቤት ሠሩ። ከተማዪቱ ያኔ በዘር የተከፋፈለች ነበረች። አሁን የባለጸጎችና የዲፕሎማቶች መኖሪያ የሆነው ሩንዳ የቡና እርሻ ነበር። አፍሪካውያን ወንዶች "ኪፓንዴ" የተባለውን የምዝገባ ወረቀት በቆርቆሮ መያዣ ከትተው አንገታቸው ላይ እንዲያንጠለጥሉ ይገደዱ ነበር። አሠሪው በወረቀቱ ላይ ካልፈረመ ሠራተኛው ሌላ ሥራ ማግኘት ይቸግረዋል፤ ያለ ፈቃድ ጥሎ ከሄደም በወንጀል ይጠየቃል።

ማካን ሲንግ በ1935 የህንዳውያን ብቻ የነበረውን የሠራተኛ ማኅበር በጸሐፊነት ሲመሩ፣ በሩን ለሁሉም ዘር ከፈቱት። ከሁለት ዓመት በኋላ በናይሮቢ የተመታው አድማ 62 ቀናት ቆይቶ ከ15 እስከ 25 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ አስገኘ። በ1939 መጨረሻ ወደ ህንድ ተጉዘው በዚያም በብሪታኒያ ገዢዎች ታሰሩ፤ ወደ ኬንያ የተመለሱት በ1947 ነው።

በ1949 ከፍሬድ ኩባይ ጋር የምሥራቅ አፍሪካ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንግረስን መሠረቱ። በሚያዝያ 1950 በካሎሌኒ አዳራሽ ለምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ነጻነት በአደባባይ ጠየቁ፤ ብዙዎቹ ፖለቲከኞች ይህን ቃል ገና ጮክ ብለው አይናገሩትም ነበር። በማግሥቱ ወር ተያዙ። የናይሮቢ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ቢቃወሙም፣ እርሳቸው በሰሜኑ በረሃማ ምድር እስከ ጥቅምት 1961 በግዞት ቆዩ። ይህ ከጆሞ ኬንያታ እስርና ግዞት የረዘመ ነው።

ነጻይቱ ኬንያ ግን ሥልጣን አልሰጠቻቸውም። የታሪክ ጸሐፊነታቸው የጎላው በዚህ ዘመን ነው፤ እስከ 1952 ያለውን የማኅበራቱን ታሪክ የያዘው መጽሐፋቸው በ1969 ናይሮቢ ታተመ። ንባቡ ቀላል አይደለም። የስብሰባ ውሳኔና የጥያቄ ዝርዝር ተራ በተራ ይደረደርበታል፤ ወረቀት ሳይተው ያለፈው የእርሻ ሠራተኛ ድምፅም ከማኅበሩ ጸሐፊ ድምፅ ያንሳል። ይሁንና ገዢዎቹ "ሁከት" ብለው የመዘገቡትን አድማ ከሠራተኛው ወገን ለማንበብ ከዚህ የቀረበ ምንጭ ጥቂት ነው።

ከ1952 እስከ 1956 ያለውን ዘመን የሚሸፍነው ሁለተኛው ቅጽ ለኅትመት የበቃው ከሞቱ በኋላ፣ በ1980፣ በታሪክ ምሁሩ ቤትዌል ኦጎት አርታኢነት ነው። የሰበሰቧቸው ወረቀቶችም በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠዋል።