ሃይማኖትና የመንግሥት ትምህርት ቤት፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሸኮ

ከሚዛን ተፈሪ ተነሥቶ ወደ ቴፒ የሚጓዝ መንገደኛ በቡናው ጫካ መካከል የሸኮን አገር ያገኛል። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ፣ የወንጌላዊው ልጅ፣ የሙስሊሙ ልጅ፣ እንዲሁም ወላጆቹ የአባቶቻቸውን ሥርዓት የያዙለት ልጅ በአንድ ወንበር ተቀምጠው ይማራሉ። መምህሩም ፊደልና ሒሳብ ያስተምራቸዋል እንጂ የማንኛቸውንም ሃይማኖት አይሰብክላቸውም። ይህ ነገር ዛሬ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ሥርዓት ስለሚመስል ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ከሰማንያ ዓመት በፊት የነበረው ሕግ ሌላ ነበር። በዚያን ጊዜ ልጁ በትምህርት ቤት ስለ ሃይማኖት ምን እንደሚማር ለመወሰን የተወለደበት ስፍራ ይጠየቅ ነበር። የዚህም ጽሑፍ ዓላማ ያ ድንበር እንዴት እንደ ተሰመረና እንዴት እንደ ተነሣ በዘመን ተራ ማስረዳት ነው።

በጥንት ዘመን ትምህርትና ሃይማኖት የሚለያዩ ነገሮች አልነበሩም። በክርስቲያኑ አገር ሕፃኑ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ እንደ ችሎታው ወደ ዜማ ቤት፣ ወደ ቅኔ ቤትና ወደ መጻሕፍት ቤት ይገባ ነበር። በእስላሙም አገር እንዲሁ ልጁ ቁርኣን ቀርቶ ወደ ሼኮቹ ዘንድ ሄዶ ትምህርቱን ይቀጥል ነበር። መንግሥት የራሱ ትምህርት ቤት ስላልነበረው በትምህርት ቤት ሃይማኖት ይሰጥ ወይስ አይሰጥ የሚለው ጥያቄ ሊነሣ አይችልም ነበር። ጥያቄው የተወለደው መንግሥት ራሱ አስተማሪ ልሁን ባለ ጊዜ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ከዐድዋ ድል በኋላ ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚጻጻፉ፣ ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎች እንደሚያስፈልጉ ተረድተው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ለማቋቋም አሰቡ። ቤተ ክህነት ግን ነገሩን በሥጋት ተመለከተችው። ሥጋቷም ያለ ምክንያት አልነበረም። ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን ትምህርት ተስበው የካቶሊክን ሃይማኖት በተቀበሉ ጊዜ በአገር ውስጥ የፈሰሰው ደም፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1632 መንግሥታቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ያስረከቡበት ታሪክ ከካህናቱ ልብ አልጠፋም ነበር። አውሮፓዊ አስተማሪ ከቋንቋው ጋር ሃይማኖቱን ይዞ ይገባል የሚለው ፍርሃት ከዚያ ዘመን የወረሱት ነው።

በዚህ ምክንያት ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት መንገድ ተፈለገ። አቡነ ማቴዎስ ከግብፅ የመጡ ሊቀ ጳጳስ ስለ ነበሩ አስተማሪዎቹ ከግብፅ ቅብጦች መካከል እንዲመጡ ተደረገ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሥራውን የጀመረው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም በግብጻዊው በሐና ሳሊብ ይመራ ነበር። አስተማሪዎቹ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ያውቃሉ፤ ሃይማኖታቸውም ከእስክንድርያው መንበር ስለ ሆነ ለቤተ ክህነት አያሠጋም። እንግዲህ የመጀመሪያው የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህሩ በዕውቀቱ ብቻ ሳይሆን በሃይማኖቱም ተመዝኖ ነበር ማለት ነው። መንግሥት የሚሻውን ዕውቀት አገኘ፤ ቤተ ክህነትም በትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠባቂ አቆመች። በ1917 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በስማቸው ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ለአውሮፓዊ ትምህርት በሩን ይበልጥ ሰፋ አድርጎ ከፈተ። ሆኖም ይህ ሁሉ የተደረገው በዋና ከተማው ነው።

በደቡብ ምዕራቡ አገር ግን ታሪኩ በሌላ መንገድ ሄደ። በኢትዮጵያ አባ ማስያስ የተባሉት ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጉልየልሞ ማሳያ እ.ኤ.አ. በ1859 ወደ ካፋ ገብተው ሲያስተምሩ ቆይተው በ1861 ተባረዋል። እ.ኤ.አ. በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ካፋን ካስገበረ በኋላ በዙሪያው ያለውም አገር በማእከላዊው መንግሥት ሥር ገባ። ከሠራዊቱ ጋር ካህናቱም ስለ ተከተሉ በየከተማው አብያተ ክርስቲያናት ተተከሉ። ሕዝቡ ግን በገባርነት ሥር ወደቀ፤ ብዙው ሰውም በባርያ ፈንጋዮች እጅ ተማረከ። ስለዚህ የሸኮ ገበሬ አዲሱን ሃይማኖትና አዲሱን ገዥ ያወቃቸው በአንድ ቀን ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ትምህርት ቤት የሚባለው ነገር ግን ለልጆቹ ገና አልደረሰም ነበር።

አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ከፋሺስት ወረራ ነጻ ስትወጣ መንግሥት ትምህርትን ከሥር ጀምሮ ማቆም ነበረበት። የተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ በጠላት እጅ አልቀዋል፤ ገንዘብም አስተማሪም ጥቂት ነበር። በዚህ ጊዜ የውጭ አገር ሚሲዮኖች ትምህርት ቤትና ሆስፒታል እንክፈት እያሉ ይጠይቁ ነበር። መንግሥት እርዳታቸውን ይፈልጋል፤ ስብከታቸው የቤተ ክህነትን ምእመናን እንዳይከፍል ደግሞ ይፈራል። ለዚህ ችግር የተሰጠው መልስ በ1936 ዓ.ም. የወጣው ስለ ሚሲዮኖች ሥራ የሚናገረው ድንጋጌ ቁጥር 3 ነው።

ድንጋጌው አገሩን በሁለት ከፈለው። አንደኛው ሕዝቡ በብዛት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ምእመን የሆነበት ክፍል ነው። በዚህ ክፍል ሚሲዮን ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ሊከፍት ይችላል፤ ነገር ግን ሰውን ወደ ራሱ ሃይማኖት ሊያስገባ አይፈቀድለትም። በትምህርት ቤቱም ስለ ክርስትና ቢያስተምር አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ የሚስማሙበትን ብቻ እንጂ የራሱን ልዩ ትምህርት አይደለም። ሁለተኛው ክፍት የተባለው ክፍል ነው፤ በዚያ ሚሲዮኑ ሃይማኖቱን በሙሉ ነጻነት ሊያስተምር ይችላል። በሁለቱም ክፍል የትምህርቱ ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ተወሰነ፤ ተማሪዎቹ አማርኛ እስኪያውቁ ድረስ ብቻ በአገሬው ቋንቋ መጠቀም ተፈቀደ። የደቡብ ምዕራቡ አገር በአብዛኛው በክፍቱ ወገን ስለ ነበረ ሚሲዮኖች ወደዚያ አቀኑ። ከነዚህም አንዱ በማጂ የተቀመጠው የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ነው።

ይህን ድንጋጌ ለመመዘን በቅን ልቡና መመልከት ያስፈልጋል። መንግሥት ትምህርት ቤት ለማቆም ባልቻለበት ጫካ ውስጥ ሚሲዮኑ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅሎ፣ ክሊኒክ ከፍቶ ብዙ ሕፃናትን ከሞትና ከመሃይምነት አውጥቷል፤ ይህ ሊካድ አይገባውም። ዳሩ ግን ድንጋጌው የጠበቀው የአንዱን ወገን እምነት ብቻ ነው። በጎንደር ወይም በጎጃም ያለ አባት ልጁን ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ቢልክ ልጁ ሃይማኖቱ እንዳይለወጥ ሕጉ ይጠብቅለታል። የሸኮ አባት ግን ልጁን ለፊደል ሲል በላከው ጊዜ እንዲህ ያለ ጠባቂ አልነበረውም። የአባቶቹ ሥርዓት በሕግ ፊት እንደ ሃይማኖት አልተቈጠረም፤ የሚቈጠረው ገና ክርስትና እንዳልደረሰበት ባዶ ቦታ ነበር። እርሱንም ማንም አልጠየቀውም።

የሌሎችን አገሮች ሥራ ብናስተያየው ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ድንጋጌው በወጣበት በዚያው ወር፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1944፣ እንግሊዝ አዲስ የትምህርት ሕግ አወጣች። እንግሊዝም እንደዚያን ጊዜዋ ኢትዮጵያ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ያላት አገር ናት። ሕጉ በመንግሥት ገንዘብ በሚረዱ ትምህርት ቤቶች የዕለት ጸሎትና የሃይማኖት ትምህርት እንዲኖር አዘዘ፤ ሆኖም ያልወደደ ወላጅ ልጁን ከዚያ ሊያስወጣ ይችላል አለ። ፈረንሳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1882 በወጣው ሕግ ሃይማኖትን ከመንግሥት ትምህርት ቤት አውጥታ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ውጭ ሃይማኖት እንዲያስተምሩ ከእሑድ ሌላ በሳምንት አንድ ቀን ተወች። በአሜሪካም ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1962 መንግሥት ያዘጋጀው ጸሎት በሕዝብ ትምህርት ቤት ሊጸለይ አይገባም ብሎ ፈረደ። ሦስቱም አገሮች መንገዳቸው ቢለያይም ውሳኔውን በመጨረሻ ለወላጁ ወይም ለኅሊና ትተውታል። የእኛ ድንጋጌ የለየው ግን ምድርን ነበር።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ይህንኑ ሁለት መንገድ በአንድነት ያዘ። በ40ኛው አንቀጽ ማንም ሰው የሃይማኖቱን ሥርዓት ለፖለቲካ ሳያውልና የሕዝብን ጸጥታ ሳያውክ ቢፈጽም እንዳይከለከል ደነገገ። በ126ኛው አንቀጽ ደግሞ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን መሆኗን፣ መንግሥትም እንደሚረዳት አጸና። ሃይማኖት የግል፣ አገር የጋራ ነው የሚለው ቃል በሰፊው የሚነገረው በዚሁ ዘመን ነበር። በትምህርት ቤቶችም ግብረ ገብ የሚባል ትምህርት ይሰጥ ነበር። ቃሉ መልካም ነበር፤ ሕጉ ግን ገና ወደ ቃሉ አልደረሰም ነበር።

በ1966 ዓ.ም. የተነሣው አብዮት ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ገለበጠው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ቤተ ክርስቲያን ለብዙ ዘመን የኖረችበትን መሬት አጣች። የእስልምና በዓላትም በመንግሥት ዘንድ የታወቁ በዓላት ሆኑ፤ ይህም ለብዙ ዜጎች የዘገየ ፍትሕ ነበር። በ1979 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ብሎ ጻፈ። ነገር ግን ደርግ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አውርዶ በኋላም አስገድሏቸዋል፤ የወንጌላውያንም ጸሎት ቤቶች በብዙ ስፍራ ተዘግተዋል። በትምህርት ቤትም የሃይማኖቱን ቦታ የማርክስና የሌኒን ትምህርት ያዘው። ከዚህ የምንማረው፣ መንግሥት ከሃይማኖት ተለየሁ ማለቱ ብቻውን ሃይማኖትን ነጻ እንደማያወጣ ነው። የሚለየው ወገን እጁንም መሰብሰብ አለበት።

በዚሁ ዘመን በደቡብ ምዕራቡ አገር የሕዝቡ ኑሮ ራሱ ተለወጠ። በቴፒና በበበቃ የተስፋፉት የቡና እርሻዎች ሠራተኞችን ከየአቅጣጫው ሳቡ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ከሰሜኑ ክፍል ብዙ ቤተ ሰቦች በሠፈራ ወደ ካፋና ወደ ኢሉባቦር መጡ። የወሎ ሙስሊም፣ የሰሜን ኦርቶዶክስና የአገሬው ወንጌላዊ በአንድ ገበያ ተገናኙ። እንግዲህ ይህ አገር የእገሌ ሃይማኖት ክፍል ነው ብሎ በካርታ ላይ ማመልከት የማይቻል ሆነ።

በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ለዚህ ሁሉ መልስ ለመስጠት ሞከረ። በ11ኛው አንቀጽ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ደነገገ። በ27ኛው አንቀጽ ወላጆች ልጆቻቸውን በሚያምኑበት ሃይማኖት እንዲያሳድጉ፣ ምእመናንም የሃይማኖት ትምህርት ተቋም እንዲያቆሙ ፈቀደ። በ90ኛው አንቀጽ ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ አዘዘ። እነዚህን ሦስት አንቀጾች አንድ ላይ ያነበበ ሰው የቀድሞው ድንበር ወዴት እንደ ሄደ ያስተውላል። በ1936 ዓ.ም. መስመሩ በምድሪቱ ላይ ነበር፤ በ1987 ዓ.ም. ወደ ትምህርት ቤቱ በር ተዛወረ። ከበሩ ውጭ ሃይማኖት የወላጅና የምእመን ነው፤ ከበሩ ውስጥ የሸኮ ልጅና የጎንደር ልጅ በአንድ ሕግ ሥር ናቸው።

መስመሩ ወደ በሩ መምጣቱ ግን ችግርን አላስቀረም። ልጁ በበሩ ሲገባ እምነቱን እንደ ባርኔጣ አውልቆ አይሰቅለውም። ጾም ይጾማል፤ ይጸልያል፤ እንደ ሃይማኖቱም ይለብሳል። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሙስሊም ሴት ተማሪዎች ፀጉራቸውን ሸፍነው ወደ ትምህርት ቤት ስለ መግባታቸው የተነሣው ክርክር ለፍርድ ቤት እስከ መቅረብ ደርሷል። ሕጉ አስተማሪው እንዳይሰብክ ሲከለክል ተማሪው አማኝ እንዳይሆን አልከለከለም። ትምህርት ነጻ ይሁን ማለት መንግሥት ለማንም አያድላ ማለት ነው እንጂ ልጆቹ ያለ ሃይማኖት ይሁኑ ማለት አይደለም። ይህን ልዩነት የሳተ ሹም አንዱን ወገን እያገደ ለሌላው ያደላ ይሆናል።

ሸኮ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አካል ሲሆን፣ ስሙም በቤንች ሸኮ ዞን ስም ውስጥ ተጽፏል። ቀድሞ ክፍት ተብሎ በሌሎች ፈቃድ ይወሰንለት የነበረ አገር ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሆኖም ስም ብቻ አይበቃም። በሚዛን፣ በቴፒም ሆነ በሌላ ስፍራ በጠዋት ሰልፍ ፊት የሚቆም መምህር ሁልጊዜ አንድ ነገር እንዲያስብ ይገባዋል፤ በፊቱ ካሉት ልጆች መካከል የአንዱ አያት ምንም ሳይጠየቅ ሃይማኖቱ በሌላ ሰው ተወስኖለት ነበር። ይህን የሚያስብ መምህር የራሱን እምነት በልቡ አጽንቶ፣ የሌላውን ልጅ ደግሞ ለወላጁ ጠብቆ ያስተምራል። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በበሩ ላይ ብዙ ጠባቂ ቆሟል፤ የሚበልጠው ግን የሁሉንም ልጅ እኩል የሚጠብቅ መምህር ነው።