የብራውዘር ቅጥያዎችና የአደራ ጉዳይ

ብራውዘር በተፈጠረበት ዘመን ሥራው የተጻፈ ገጽ አምጥቶ ማሳየት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ቲም በርነርስ ሊ ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው በሰርን የምርምር ተቋም የመጀመሪያውን ብራውዘር ሲሠራ ዓላማው ተመራማሪዎች ጽሑፎቻቸውን በቀላሉ እንዲለዋወጡ ማድረግ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ባንኩም፣ ገበያውም፣ የመሥሪያ ቤቱ መዝገብም በዚያው መስኮት በኩል መታየት ጀመሩ። ሀብት ወደ ገባበት ቤት ሌባ ዐይኑን መጣሉ አይቀርምና የብራውዘር ደኅንነት ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ጉድለቶች የሠሪዎቹ ስሕተቶች ነበሩ። በ1995 ኢያን ጎልድበርግና ዴቪድ ዋግነር የተባሉ ሁለት የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የኔትስኬፕ ብራውዘር ምስጢር የሚቆልፍበት ቁጥር ከኮምፒዩተሩ ሰዓትና ይህን ከመሳሰሉ ሊገመቱ ከሚችሉ ነገሮች የሚመነጭ መሆኑን ደረሱበት። ካዝናው የጸና ቢሆንም ቁልፉ በግምት የሚገኝ ነበር ማለት ነው። በ1997ም የጀርመኑ ኬዎስ ኮምፒዩተር ክለብ፣ አክቲቭኤክስ በተባለው የማይክሮሶፍት ዘዴ ከድረ ገጽ የሚወርድ አነስተኛ ፕሮግራም በተጠቃሚው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ የገንዘብ ማስተላለፊያ ትእዛዝ ሊጨምር እንደሚችል በቴሌቪዥን አሳየ። ሠሪዎቹም ከዚህና ከመሳሰለው ትምህርት እየቀሰሙ ግንቡን አጠናከሩ። በ2008 የወጣው የጉግል ክሮም ገጾችን በተለያዩ ዝግ ክፍሎች ማሠራቱ፣ በአንድ ገጽ በኩል የገባ ጉዳት ወደ መላው ኮምፒዩተር እንዳይዛመት የተወሰደ ታላቅ እርምጃ ነበር።

ይሁን እንጂ ግንብ የሚከላከለው በውጭ ያለውን እንጂ ባለቤቱ ራሱ ያስገባውን አይደለም። ቅጥያ ወይም ኤክስቴንሽን የሚባለው በብራውዘር ላይ የሚጨመር አነስተኛ ፕሮግራም ማስታወቂያ ለመከልከል፣ ቃል ለመተርጎም፣ የፊደል ግድፈት ለማረም ያገለግላል። ለዚህም ብዙ ጊዜ በሁሉም ገጾች ላይ ያለውን የማንበብና የመለወጥ ፈቃድ ይጠይቃል። ገጹ በምስጢር ተቆልፎ ቢመጣም እንኳ ቅጥያው የሚያነበው ከተፈታ በኋላ ስለሆነ፣ ከባለቤቱ ትከሻ በስተኋላ ቆሞ እንደሚያይ ሰው ይቆጠራል። ስለዚህ ፈቃዱ አደራ ነው፤ አደራ ተቀባዩ ግን ሳይታወቅ ሊለወጥ ይችላል።

ግሬት ሰስፔንደር የተባለው፣ ሥራ የፈቱ ገጾችን በማስተኛት የኮምፒዩተሩን ሸክም የሚያቃልለው ቅጥያ ለዓመታት የተመሰገነ ነበር። በ2020 ለሌላ ባለቤት ተሸጠ፤ በፌብሩዋሪ 2021 ጉግል ጎጂ ሆኖ ስላገኘው ከመደብሩ አስወገደው። ተጠቃሚዎቹም ሁለት ሚሊዮን ያህል ነበሩ። በዲሴምበር 2024 ደግሞ ራሱ በመረጃ ጥበቃ ሥራ የተሰማራው ሳይበርሄቨን የተባለ ኩባንያ ተጠቃ። አንድ ሠራተኛው ከቅጥያዎቹ መደብር የተላከ በሚመስል ደብዳቤ ተታሎ ፈቃድ ሰጠ። አጥቂው የጠየቀው የይለፍ ቃል ሳይሆን ፈቃድ ነበርና ባለሁለት ደረጃው ማረጋገጫ አላዳነም። በዚያም ፈቃድ የተበከለ ቅጂ በመደብሩ ወጣ። ኩባንያው እንደ ደረሰበት በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢያስወግደውም፣ ቅጥያው 400,000 ያህል ተጠቃሚዎች ነበሩት፤ በዚያ ጊዜ የተከፈቱ ብራውዘሮችም አዲሱን ቅጂ ባለቤታቸውን ሳይጠይቁ ሊቀበሉ ይችሉ ነበር።

የነገሩ ክብደት እዚህ ላይ ነው። ብራውዘር በየጊዜው ራሱን ማደሱ ለደኅንነት ክፍተቶች ዋናው መድኃኒት ሲሆን፣ ይኸው የመታደስ ልማድ ለተበከለ ቅጥያም መግቢያ ይሆናል። ማሻሻያን ማቆም ክፍተቱን እንደ ተከፈተ ስለሚያስቀር መፍትሔው አደራ ተቀባዮችን መቀነስ ነው። የማያስፈልገውን ቅጥያ ማጥፋት፣ የቀረው በተፈለገበት ገጽ ብቻ እንዲሠራ መወሰን፣ የባንክና የመሥሪያ ቤት ሥራን ቅጥያ በሌለው ብራውዘር ማከናወን፣ ማሻሻያ ሲደርስም ብራውዘሩን ሳያዘገዩ ዘግቶ መክፈት ይገባል። የተበከለ ቅጥያ ከተገኘ ማስወገዱ ብቻ አይበቃም፤ የተሰረቀው የመግቢያ ምልክት ከዚያም በኋላ ሊያገለግል ስለሚችል ከሁሉም መሣሪያዎች ወጥቶ የይለፍ ቃልን መለወጥ ያስፈልጋል።

በባለሙያ ኮምፒዩተር የደንበኛው ሒሳብ፣ የታካሚው መዝገብ፣ የባለጉዳዩም ምስጢር ያልፋል። አበው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ፤ በዚህ ሥራ ግን ከሚመነጠረው ጋራ አምኖ ምስጢሩን የሰጠውም አብሮ ይመነጠራል።